አውሮፕላኑ እርምጃውን ያሳጠረ ዕለት

እኔ ፈረንሳይኛ የተማርኩት ፊደል ቆጥሬ አይደለም፤ ወጥ እያማሰልኩ ነው። ያኔ ናዝሬት የሚለው ስም ገና አልወጣላትም፤ አዳማ ነበረች፣ ባቡሩ ውሃ ሊሞላ የሚቆምባት፣ አቧራዋ ከሰዎቿ የሚበዛ ሰፈር። ጣቢያው ጥግ ላይ አንድ ግሪክ ምግብ ቤት ነበረው። ወጥ ቤቱን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ግሪኩ ሲሰክር እንግዶቹንም እኔው እይዛለሁ፤ እሱ ደግሞ የማይሰክርበት ቀን ስላልነበረ ከፈረንጆቹ ጋር መነጋገሩ በእኔው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ጨው አንሶታል፣ ወንበር ጨምሪ፣ ባቡሩ ዘግይቷል፤ ይችኑ ይችኑ ስለቃቅም ቆይቼ አንድ ቀን ሳላስበው አፌን ከፍቼ ተናገርኩ። ሰዋስው እንዳትጠይቁኝ። ግን እግዜርን የማመሰግነው ስለዚያች ስብርባሪ ቋንቋ ነው። እሷ ባትኖር ኖሮ የዛሬው ጽሑፌ ሌላ ዓይነት ይሆን ነበር።

ባሌ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ከመንዝ የመጣ፣ ቁመቱ አጠር፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ነገር የማያበዛ ሰው። ከጉርምስናው ጀምሮ ብሽሽቱ ላይ ቡአ ነበረበት። አንጀት የሆድን ግድግዳ ሰንጥቆ ወደ ታች የሚወርድበት በሽታ ነው፤ ሲቆም ይወጣል፣ ሲተኛ ይመለሳል። ይህን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅበትም። በጨርቅ ጠፍሮ አስሮት ሐዲድ ይሸከማል። ሐኪም ይይህ ስለው፣ «ገመናዬን ለፈረንጅ ልገልጥ?» ይለኝና ፊቱን ያዞራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ነዘነዝኩት፤ ወይ ፍንክች።

ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ ክረምት፣ የሞጆ ወንዝ ሞልቶ የሐዲዱን መደገፊያ ጠራርጎ ወሰደው። የስልኩ እንጨትም አብሮ ሄደ። ከአዲስ አበባ ባቡርም ቀረ፣ ወሬም ቀረ። የሐዲድ ሠራተኛ የተባለ ሁሉ ድንጋይ ሊያጓጉዝ ወደዚያ ወጣ፤ የኔውም ሰው ጨርቁን ጠበቅ አድርጎ አስሮ ሄደ።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን መጣ። ከዚያ በፊት ከሩቅ ሲያልፍ አይተን እናውቃለን፤ መሬት ላይ ቁጭ ሲል ግን የመጀመሪያ ማየታችን ነበር። ከድሬዳዋ ደብዳቤ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ደጋው በጉም ተዘግቶበት ተመለሰና ከጣቢያው ወዲያ ያለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ወረደ። የሜዳው ባለቤት አንድ የተከበሩ የኦሮሞ ሽማግሌ ነበሩ። ላሞቻቸው ጅራታቸውን ሰቅለው ሲበተኑ እሳቸው በትራቸውን ተደግፈው አውሮፕላኑን ዙሪያውን አዩትና፣ «ይኼ ደግሞ ሣር ይበላል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አይበላም ስላቸው፣ «እንግዲያው ይደር» አሉ።

ሁለት ፈረንሳዮች ነበሩበት። አብራሪው ቀጭን፣ ቁጡ፣ ዓይኑን ከሰማይ የማያነሳ ሰው ነው። ሌላው መካኒኩ ነው፤ ወፍራም፣ እጁ በዘይት የጠቆረ፣ የበላውን ሁሉ የሚያመሰግን። እራታቸውን እኔ ዘንድ በሉ። መካኒኩ ሽሮዬን ሦስት ጊዜ አስጨምሮ ላብ በላብ ሆነ፤ በዚያው ወደድኩት።

እነሱን ሸኝቼ ቤቴ ሳልደርስ ባሌን በእጅ በሚገፋ የሐዲድ ጋሪ አስተኝተው አመጡት። ድንጋይ ሲያነሳ ቡአው ወርዶ አልመለስ ብሏል። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ የጠጣውን ውሃ ሁሉ ይመልሳል። የጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥብና ኪኒን የሚሰጥ ጥሩ ሰው ነበር፣ ገልጦ አየውና ወደ ውጭ ጠራኝ። «አንጀቱ ታንቋል» አለኝ። «ሐኪም ቀዶ ካልመለሰው ይበሰብሳል። ቀዶ የሚሰፋ ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው። እኔ የማውቀው፣ እንዲህ ሆኖ ከነገ ያለፈ ሰው አላየሁም።»

ባቡር የለም። በበቅሎ እንዳይሄድ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቢሄድም ቀናት ይፈጃል፣ እሱ ደግሞ ቀናት የሉትም። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ልጅ ገና አልወለድንም ነበር። ከዚያ ሰው ሌላ እኔ በዓለም ላይ ማን ነበረኝ!

ጎህ ሳይቀድ ሜዳው ላይ ደረስኩ። ፈረንጆቹ ክንፉ ሥር ተኝተው አድረዋል፤ ሰማዩም ጠርቶ አድሯል። አብራሪውን ቀስቅሼ በዚያችው የድስት ፈረንሳይኛዬ ነገሩን አስረዳሁት። ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ሜዳው በዝናብ ርሷል፣ ጎማው ይይዘዋል፣ ከዚህ ሁሉ ሸክም ጋር አይነሳም አለኝ። ቀጥሎ ከፊት ያለውን ማራገቢያ፣ ዛሬ ውልብልቢት የምትሉትን፣ በእጁ መታ አደረገና «ግራን ፓ» አለ። ትልቅ እርምጃ ማለት ነው። «ፓ» እርምጃ መሆኑን አውቃለሁ። ማራገቢያ ምን እግር ኖሮት ነው የሚራመደው ብዬ እያምታታኝ እንደሆነ ጠረጠርኩ። ንዴቴም መጣ። «አንተ ሰው፣ እኔ ባሌ እየሞተ ነው የምልህ!» አልኩት በአማርኛ። ባይገባውም ገባው።

ያዳነኝ መካኒኩ ነው። ተነስቶ ከሣሩ ውስጥ የወደቀች የሐዲድ ብሎን አነሳና ጥርሷን በጥፍሩ እየተከተለ አሳየኝ። ብሎን እንጨት ውስጥ አንድ ዙር ስታዞራት ወደፊት የምትገባው ርቀት አለ፤ ያ እርምጃዋ ነው አለኝ። ይኼም ማራገቢያ ብሎን ነው፣ እንጨቱ ግን አየር ነው። ሁለቱ ቅጠሎቹ፣ ማለት የሚሽከረከሩት ጠፍጣፋ ክንዶቹ፣ ዘመም ብለው ከቆሙ በየዙሩ ብዙ አየር ይቆርሳሉ፣ ርቀትም ይሄዳሉ፤ ትልቅ እርምጃ የሚባለው እሱ ነው። ወደ ጠፍጣፋነት ከተጠጉ ደግሞ ትንሽ ትንሽ ይቆርሳሉ፣ ሞተሩ ሳይጨነቅ በፍጥነት ያዞራቸዋል፣ አውሮፕላኑም ከቆመበት በኃይል ይሳባል። ከድሬዳዋ ሲነሱ ሜዳው ሰፊ፣ መንገዱም ረጅም ስለነበረ ቤንዚን ለመቆጠብ ትልቁን እርምጃ ሰጥተውታል። እዚህ ጭቃ ውስጥ ግን ሞተሩ ያንን ሊቆርስ ሲታገል ጉልበቱ ያልቅበታል፤ ፍጥነት ሳያገኝ ሜዳው ያልቃል።

«አህያ ማለት ነው» አልኩት። «ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ እርምጃዋን ታሳጥራለች። ሜዳ ላይ ትዘረጋዋለች።»

መካኒኩ ጮቤ ረገጠ። አብራሪውን በክርኑ ጎሸም አድርጎ አህያዋን ተረጎመለት። አብራሪው ግን ሳይስቅ፣ «በሰማይ ላይ እንዳለን አህያው እርምጃውን ሊለውጥ አይችልም» አለ። «ቅጠሎቹ የሚዞሩት መሬት ላይ፣ በቁልፍ፣ በሰው እጅ ብቻ ነው። ካሳጠርነው እስከ አዲስ አበባ ያው አጭር ነው። ሞተሩ እንዳይጋልብ እየያዝኩ፣ ቤንዚን እያባከንኩ እሄዳለሁ።» ወደ ደጋው ተመለከተ። «አዲስ አበባ ቅርብ ነው» ብሎም ጨመረ። እሺ ማለቱ ነበር።

ነገር ግን አንድ ችግር መጣ። ሁለቱ ቅጠሎች ልክ አንድ ዓይነት ዘመም ማለት አለባቸው። አንዱ ብዙ፣ አንዱ ትንሽ ከቆረሰ ማራገቢያው እየተንቀጠቀጠ ሞተሩን ከቦታው ይነቅለዋል። ያንን የሚለኩበት መሣሪያ ደግሞ ድሬዳዋ ቀርቷል። መካኒኩ ኪሱን ሁሉ ፈተሸ፤ ቢፈትሽ ከየት ይመጣል።

«ምንድን ነው የሚለካው?» አልኩ።

በእጁ መዳፍ አግድም አሳየኝ፤ ቀጥሎ ትንሽ አዘነበለው።

«ውሃ ልክ ቢሆንስ?» አልኩት። ሐዲድ አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ እንዳይል የሚለኩበት፣ በመስታወቱ ውስጥ አረፋ የምትንሳፈፍበት ዕቃ ነው። ባሌ ያለዚያ ዕቃ ከቤት አይወጣም። ሩጫዬን ለቅቄ ቤት ገባሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ያቃስታል። ውሃ ልኩን ሳነሳ ሰማኝና፣ «ለምንሽ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ያ ሰው በዚያ ስቃይ ውስጥ ሆኖ ያለኝን ብታምኑም ባታምኑም እነግራችኋለሁ። «ትንሽ ወደ ግራ ይዋሻል፤ አንዴ ለክተው፣ ጫፍና ጫፉን አዙረው ይድገሙት በያቸው።»

ነገርኳቸው። መካኒኩ ከሳንቃ ላይ ሽብልቅ ጠረበ፤ ማራገቢያውን አግድም አቁሞ ቅጠሉ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገና ሽብልቁን እዚያ ላይ፣ ውሃ ልኩን ከሽብልቁ ላይ አስቀመጠ። ቅጠሎቹ የተሰኩበትን የመሃል እምብርት ማሰሪያ ብሎኖች አላልቶ ቅጠሉን በቀስታ፣ እንደ በር እጀታ፣ አረፋዋ መሃል እስክትገባ አዞረው። ውሃ ልኩን ጫፍና ጫፉን አዙሮ ደገመው። አጠበቀው። ከዚያ ማራገቢያውን ግማሽ ዙር አዙሮ ሁለተኛውን ቅጠል እዚያው የፊተኛው ቦታ ላይ አመጣና በዚያው ሽብልቅ፣ በዚያው ውሃ ልክ ለካው። ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

እስከዚያው አብራሪው ሜዳው ስንት እርምጃ እንደሚሆን ጠይቂልኝ አለኝ። ሰዉ ተሰብስቧል፤ ምን እየሠሩ ነው እያለ ያዋክበኛል። እኔም፣ «እርምጃውን እያሳጠሩለት ነው። በትንሽ እርምጃ ነው የሚነሳው» አልኩ። ሽማግሌው ጠጋ ብለው፣ «ተርካንፊ ጥኖ?» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ትንሽ እርምጃ ማለት ነው። «አዎ አባባ፣ ጥኖ ነው። እባክዎ ሜዳውን በእርምጃ ይለኩልን» አልኳቸው። በትራቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ጀመሩ።

ቁጥሩ ሲመጣ የአብራሪው ፊት ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። ይበቃናል አለ። እንዲያውም መካኒኩ እዚህ ቆይቶ እኔ በእሱ ቦታ ገብቼ ባሌን ደግፌ መሄድ እችላለሁ አለኝ። መሬት ላይ ተንበርክኬ ጉልበቱን ልስም ስል ሸሸኝ። ነጠላዬን ላመጣ በረርኩ።

ስመለስ ሽማግሌው ቁጥሩን ለማረጋገጥ ብለው ሁለተኛ ይለካሉ። እግራቸውን አየሁ። ተረከዛቸው አውራ ጣታቸውን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ አዲስ ሙሽራ ነው የሚመስሉት። ልቤ ድንግጥ አለ።

«አባባ፣ እግርዎን አመመዎ?»

«የለም ልጄ» አሉኝ ሳያቋርጡ። «በትንሽ እርምጃ ነው የሚነሳው አላልሽኝም? እንዳይከብደው ብዬ ነዋ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የሳቸው ልብ ቅን ነው፤ እንግዳውን ሊረዱት ብለው በትንሹ ተራመዱለት፤ ቁጥሩ የበዛው ለዚያ ነው። አሁን ልናገር ወይስ ዝም ልበል ብዬ አላሰብኩም፤ ባሌ እኮ ነው የሚጫነው። ለአብራሪው ነገርኩት። ራሱ በረጅም እግሩ ሜዳውን ለካውና ሲመለስ ፊቱ ወደ ትናንትናው ተመልሷል። ሜዳው እሱ ካሰበው በብዙ አጠረ። የደብዳቤው ከረጢት ይውረድ አለ። ቤንዚኑም ለመንገዱ የሚበቃው ብቻ ይቅር፣ የተረፈው ይቀዳ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ነጠላዬን አየና ራሱን ነቀነቀ። ገባኝ። ለእኔ ቦታ የለም።

ሽማግሌው የሆነውን ጠየቁኝ፤ ሜዳው አጠረ አልኳቸው፣ ሌላውን ተውኩት። በሜዳው ጫፍ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የቁልቋል አጥር ነበር፤ አዳማ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው ይላሉ። እሳቸው የከብታቸውን በረት የሚያጥሩበት፣ የአባታቸው ተክል ነው። ወደዚያ ተመለከቱና ልጆቻቸውን ጠርተው በገጀራ ጣሉት አሏቸው። ወተቱ ዓይን ያጠፋል፤ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው ጨፈጨፉት። ላመሰግናቸው ስል፣ «አጥሩ መልሶ ይበቅላል» አሉኝ። «ሰውዬሽን አምጪ።»

በቃሬዛ አመጣነው። ደብዳቤ በሚጫንበት በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ፣ ከአብራሪው ኋላ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን አስተኛነው። አገሩ ሁሉ ከቦ ያያል። ባሌ አንዱን ዓይኑን ከፍቶ፣ «አገር ምድሩ ቡአዬን አወቀው አይደል?» አለኝ።

«አወቀው» አልኩት። «ከእንግዲህ የምትፈራው ሰው የለም። ድነህ ና።»

መካኒኩ ማራገቢያውን በእጁ ገፍቶ አስነሳው። ድምፁ ከትናንቱ የተለየ ነበር፤ ትናንት በወፍራሙ ያጉረመርም የነበረው ዛሬ ቀጥኖ ያፏጫል። ፀሐይ ገና አልጠነከረችም። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፣ ቅጠሉም የሚቆርሰው ያጣል ብሎ መካኒኩ ያጣደፈን ለዚያ ነበር። ተንደረደረ። ጭቃው ያዝ ለቀቅ አደረገው። ሜዳው መሃል ሲደርስ ጎማው ገና መሬት ላይ ነው። እኔ ጆሮዬን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ማየት አልቻልኩም። ሰዉ እልል ሲል ቀና አልኩ፤ ከተቆረጠው ቁልቋል በላይ፣ ብዙም ሳይርቀው፣ ወጥቷል። መካኒኩ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆሟል።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጉም መልሶ ደጋውን ዘጋው፤ ስልክ የለ፣ ባቡር የለ። ባሌ ይሙት ይዳን የሚነግረኝ አንድ ፍጡር የለም። ድስቴን እያማሰልኩ ባለሁበት እቆምና አመድ አያለሁ። ወጡ ሲያር እንግዶቹ እንኳ አልተናገሩኝም።

ያን ጊዜ ያቆመኝ መካኒኩ ነው። ጣቢያው ውስጥ እያደረ እኔ ዘንድ ይበላል፤ ሲበላ ደግሞ ያወራል፤ ልቤ እንዲመለስ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። አንድ ቀን የጣቢያውን ውሃ መሳቢያ ሞተር ሊያሳየኝ ወሰደኝ። እሷን ዕድሜዬን ሙሉ አያታለሁ። አናቷ ላይ ሁለት የብረት ኳሶች አሉ። ስትፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይበተናሉ፣ በዚያም እንፋሎቱን ይቀንሱባታል፤ ስትደክም ይሰበሰባሉ፣ እንፋሎቱን ይለቁላታል። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ልክ ትዞራለች።

«የኛም ማራገቢያ ወደፊት እንዲህ ይሆናል» አለኝ። በሩቅ አገር አዋቂዎቹ ቅጠሎቹን በሰማይ ላይ የሚያዞሩበትን ብልሃት አግኝተዋል። ማራገቢያው እምብርት ውስጥ ፒስተን አለ፤ አብራሪው እጀታ ሲጎትት የሞተሩ ዘይት ገብቶ ይገፋዋል፣ ቅጠሎቹም ወደ ትንሹ እርምጃ ይዞራሉ። በዚያ ይነሳል። ሰማይ ላይ ሲደላደል ዘይቱን ይለቀዋል፤ ያኔ በቅጠሎቹ ሥር የታሰሩ ክብደቶች በመሽከርከሩ ኃይል ወደ ውጭ ሲሳቡ ቅጠሎቹን ወደ ትልቁ እርምጃ ይመልሷቸዋል። «ቀጥሎ ደግሞ» አለ፣ ዓይኑ እየበራ፣ «እንደነዚህ ኳሶች ያለ ትንሽ ጠባቂ ሞተሩ ላይ ይቀመጣል። ሞተሩ ሊጋልብ ሲል ዘይቱን ይቀንስና እርምጃውን ያረዝምበታል፤ ሊደክም ሲል ዘይት ጨምሮ ያሳጥርለታል። አብራሪው ዳገትም ቁልቁለትም ሳያስጨንቀው ይሄዳል። እየሞከሩት ነው አሉ።»

«እንግዲያው አንተ ሥራ ፈታህ» አልኩት።

ሳቀ። «እኔማ በዚያን ጊዜ እዚህ መጥቼ ሽሮ እበላለሁ።»

ያንን ሁሉ የነገረኝ አውሮፕላን እንድሠራ አይደለም። ኳሶቹን እያየሁ ትንሽ ጊዜ ባሌን ረሳሁት፤ ረስቼው ደግሞ እንጀራ ጎረስኩ። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው። አገሩ የት እንደሆነ እንኳ በቅጡ ያልገባኝ ሰው፣ ቦታውን ለባሌ ለቅቆ፣ ጓደኛው ይመለስ አይመለስ ሳያውቅ፣ እኔን ያጽናናል። እሱም ይፈራ እንደነበር ያወቅኩት ድምፅ በሰማ ቁጥር ማንኪያውን ስለሚያስቀምጥ ነው።

አንድ ማለዳ ማንኪያውን አስቀመጠና አላነሳውም። እኔ ምንም አልሰማሁም። ተነስቶ ሮጠ፣ ተከተልኩት። ሜዳው ላይ ስንደርስ አውሮፕላኑ ወርዶ እየተንገጫገጨ ወደ እኛ ይመጣል። ከኋላ ማንም የለም። አብራሪው ሞተሩን አጥፍቶ መነጽሩን አወለቀ፤ ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ቀልቷል። አጠገቡ ደርሼ ዓይን ዓይኑን አየሁት። እሱም ድምፁ ተዘግቶ፣ «ኢላፋን» አለኝ።

እኔ የሰማሁት «ላ ፋን» ብሎ ነው። ላ ፋን ማለት መጨረሻ ነው። የሐዲዱ አለቃ ማታ ማታ ሥራ ሲያስቆም የሚጮኸው ቃል ነው፤ ባሌ እሱን ሰምቶ ነበር በየቀኑ ወደ ቤቱ የሚመለስ። አለቀ ማለት ነው። ሞተ ማለት ነው።

ደረቴን መታሁ። ነጠላዬን ጥዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ጩኸቴ ጣቢያው ድረስ ተሰምቷል፤ ሴቶቹ የያዙትን እየጣሉ፣ መቀነታቸውን እያጠበቁ እየሮጡ መጡ፤ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው መጡ። ሙሾ የምታወርድ አንዲት ጎረቤቴ የባሌን ትከሻ እያነሳች ጀምራለች። አብራሪው ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። መካኒኩ ነው ሁለት እጄን ይዞ ከመሬት ያነሳኝ። እየደጋገመ ይናገራል፤ ፈረንሳይኛው ጠፍቶብኛል፣ አንድም ቃል አይገባኝም። እንዳልገባኝ ሲያይ እጄን ለቀቀና አምስቱን ጣቱን ሰብስቦ ወደ አፉ አደረገ። ጎረሰ። አላመጠ። ዋጠ። ያ ወፍራም ሰው እንባው በጉንጩ እየወረደ አየር ያላምጣል።

ኢል ኣ ፋን። ርቦታል። አብራሪው ያለኝ ይኼን ነበር። ሐኪሙ ቀዶ ሰፍቶታል፤ ከነቃ ጀምሮ ከሾርባ በቀር አትበላም ስላሉት ቁጣው ሆስፒታሉን አናውጦታል፤ ለሚስቴ ንገርልኝ ያለውም ያንኑ ብቻ ነው።

«ምን አለ?» አሉኝ ሴቶቹ።

«ርቦታል» አልኳቸው።

«ማን?»

«ባሌ።»

ለልቅሶ የወጣ እንባ መመለሻ የለውም፤ ሁላችንም እዚያው ሜዳ ላይ ቁጭ ብለን አለቀስነው። ሽማግሌው «ገለቶሚ ያ ረቢ» እያሉ ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ፤ እኛም በየቋንቋችን አመሰገንን። ከዚያ ተነስተን አብራሪው ይዞለት የሚሄደውን ስንቅ ልንሠራ ገባን።

እግዜር ዕድሜ ሰጠው፤ ልጆቻችን ሁሉ የተወለዱት ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ያ ሰው «ራበኝ» ባለ ቁጥር፣ ቢደክመኝም፣ ቢያናድደኝም፣ እንግዳ ቤቱን ሞልቶት ቢሆንም፣ መጀመሪያ «ተመስገን» ሳልል ወደ ምድጃው ዞሬ አላውቅም። ልጆቹ አባታቸው ሲርበው እናታቸው ለምን እንደምትደሰት ሳይገባቸው አደጉ።